ሆድ ዕቃ የሌለው ማርሚታ

በዚያ ሰፈር ትክክለኛ ስሙን የሚያውቅ ሰው ቢፈለግ ከሚስቱ በቀር አይገኝም። ሌላው ሁሉ «ሦስት ነጥብ» ነው የሚለው። ሥራው የሞተር ሳይክል ማርሚታ መግጠምና መጠገን ነው፤ ማርሚታ ማለት ከሞተሩ የሚወጣውን ጭስ ተቀብሎ፣ ጩኸቱን ዋጥ አድርጎ ወደ ኋላ የሚለቀው ቱቦ ነው። አንድ ሥራ ሲጨርስ፣ ማርሚታው ከሻንሲው ጋር በሚታሰርበት ብረት ላይ ሹል ብረቱን አሳርፎ በመዶሻ ሦስት ጊዜ ቸብ፣ ቸብ፣ ቸብ ያደርጋል። የሰናፍጭ ፍሬ የሚያካክሉ ሦስት ነጥቦች ይቀራሉ። ልማዱን የወረሰው ሙያውን ካስተማሩት ሽማግሌ ነው። «አንደኛዋ ነጥብ ጠብቆ ታስሯል ማለት ናት» ይሉት ነበር ሽማግሌው። «ሁለተኛዋ ጭስ አያሾልክም ማለት ናት። ሦስተኛዋ ጎረቤት አይረብሽም ማለት ናት። ከሦስቱ አንዷን የማታምንባት ከሆነ መዶሻውን አታንሳ።»

ሦስት ነጥብ ከሦስቱ አብልጦ የሚወዳት የመጨረሻዋን ነው። ጩኸት ይጠየፋል። የሚያጓራ ሞተር በመንገዱ ሲያልፍ ሌላው ሰው ጆሮውን ይይዛል፤ እሱን ግን የሚያቅለሸልሸው ሆዱን ነው። ገበታ ላይ ከሆነ ማንኪያውን ያስቀምጣል። «ሰው በተሰበሰበበት አፉን ከፍቶ ማግሳት ማለት ይሄ ነው» ይላል ፊቱን አጨፍግጎ። ሚስቱ ይህን ሃያ ዓመት ሙሉ ስትሰማ ኖራለችና አሁን አሁን ቀድማ ትጨርስለታለች።

ታዲያ ለዚህ ጥላቻው የሚሆን አሠራር አበጅቷል። ማርሚታ ሆድ ዕቃ አለው። እንደ ወንፊት የተበሳሳ ቀጭን ቱቦ ነው፤ ጥጥ የመሰለ የመስታወት ክር ይጠቀለልበታል፤ ጩኸቱን የሚበላው እሱ ነው። ሰዎች ገዝተው በሚያመጧቸው አዳዲስ ማርሚታዎች ላይ ይህ ሆድ ዕቃ የሚያዘው በአንዲት ብሎን ነው። ብሎኗን ፈትቶ ሆድ ዕቃውን መዞ ማውጣት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሞተሩ ሰፈር ያፈርሳል። ሦስት ነጥብ ግን ገና ከመጀመሪያው የብሎኗ ራስ ላይ አንዲት ጠብታ ብየዳ ያሳርፍባታል። ከዚያ ወዲያ ሆድ ዕቃውን የፈለገ ሰው ማርሚታውን በመጋዝ መቁረጥ አለበት። ነጥቦቹም የሚመቱት ከብየዳው በኋላ ነው።

ይህን የሚያውቅ አንድ ሌላ ሰው አለ። በዓመታዊው የተሽከርካሪ ምርመራ ጣቢያ የሞተር ሳይክሎችን ድምፅ የሚለካው መርማሪ ነው፤ ሰዉ «ሚዛን» ይለዋል። አባቱ ቢመጣበት እንኳ ለክቶ ነው የሚያሳልፈው እየተባለ ይቀለድበታል። ሚዛን ግን ከጊዜ ብዛት አንድ ነገር ለምዷል። ማርሚታው የታሰረበትን ብረት በአውራ ጣቱ ይዳብሳል፤ ሦስቷን ነጥብ ካገኘ መለኪያውን ከኪሱ ሳያወጣ «እለፍ!» ይላል። ግማሽ ቀን የሚያስፈጀው ሰልፍ ለሦስት ነጥብ ደንበኞች የደቂቃ ጉዳይ ነው። ሦስት ነጥብ ጠዋት ጠዋት የሱቁን በር ሲከፍት ፈጣሪውን የሚያመሰግነው በሁለት ነገር ነበር፤ በጤናውና በዚያች አውራ ጣት።

እንግዲህ ነገር የመጣው ከሚስቱ ወንድም ነው።

ሰፈሩ «ጉዞ» የሚለው ይህ ወንድም በአንድ የመድን ድርጅት ውስጥ የወረቀት ሥራ ይሠራል። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች ያሳደገችው እህቱ ናት፤ ሠላሳ አራት ዓመት ሞልቶትም ዛሬም ስታየው አፍንጫውን መጥረግ ያምራታል። ጉዞ ዓመቱን ሙሉ ሲመኝ ከርሞ በረሃና ተራራ ለማቋረጥ የሚሠራ ረጅም ሞተር ገዛ። ወንበሩ ከፈረስ ጀርባ ከፍ ይላል፣ በግራና በቀኝ የአልሙኒየም ሣጥን አለው፣ መብራቶቹ በሽቦ መረብ ተሸፍነዋል። ሞተሩ የነካው ጭቃ ቢኖር ከመኪና እጥበቱ ደጃፍ የተረጨው ብቻ ነው።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ይህን ሞተር እየነዳ፣ በክንዱ ሥር ደግሞ በስፖንጅ የተጠቀለለ ነገር ታቅፎ መጣ።

«ጋሼ፣ እስቲ እጅህን ታጠብና ንካት» አለ ስፖንጁን እየገለጠ። «ቲታኒየም ናት። በአንድ ጣት ትነሳለች።»

ሦስት ነጥብ አነሳት። በእርግጥም ቀላል ናት፤ ሥራዋም ያምራል። መጀመሪያ ያየው ግን የኋላዋን ብሎን ነው።

«ይቺ ትበየዳለች» አለ።

«የቷ?»

«አውቀህ አትጠይቀኝ። የሆድ ዕቃዋ ብሎን።»

ጉዞ ማርሚታዋን እንደ ሕፃን ወደ ደረቱ መለሳት። «ጋሼ ሙት፣ ይቺንማ አትበይዳትም! ትጠቁራለች እኮ። ፊቷ ላይ ጠባሳ ልታወጣባት ነው?»

«ጎረቤት ከሚደነቁር እሷ ትጥቆር።»

«ማን ሊፈታት? እኔ? እትዬ ትሙት አልነካትም!»

ይህን ሲል እትዬ የተባለችው እህቱ በመስኮት ብቅ ብላ ልብስ እያራገፈች ነበር። ሳቀች። «ኧረ ተወው፣ አንተ ሰውዬ! በእኔ ምሎልሃል። አንዴ እንኳ ደስ ይበለው።»

ሦስት ነጥብ የሁለቱን ፊት አየ። አንዱ ይለማመጣል፣ አንዷ ትስቃለች። «እሺ» አለ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ያለ ብየዳ እሺ ሲል የመጀመሪያው ነበር። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ እንደ መረረ ትዝ ይለዋል።

ከዚያ ወደ ሥራው ገባ። የቀኙን ሣጥን አወለቀ፤ የሣጥኑን መሸከሚያ ብረትም ፈታ፤ አለበለዚያ ማርሚታው አይወጣም። አሮጌው ማርሚታ ከፊተኛው ቱቦ ጋር የሚገናኝበት ማሰሪያ ዝጎ ስለነበር ዘይት አጠጥቶት፣ ጠብቆ፣ በመዶሻ እጀታ ቀስ እያለ ነካካው፤ በመጨረሻ እያቃሰተ ወጣ። በመገጣጠሚያው ውስጥ ያለውን የተቃጠለ ቀለበት ፍቆ ጥሎ አዲስ አስገባ። አዲሷን ማርሚታ ሰካ፣ ብሎኖቹን ሁሉ በጣት ብቻ አጠበቀ፣ ሞላዎቹን በመንጠቆ ስቦ አያያዘ። ቱቦው በራሱ ጊዜ ቦታውን እስኪይዝ በእጁ መዳፍ ነቅነቅ አደረገው፤ ከዚያ በኋላ ነው ከፊት ወደ ኋላ እየሄደ በቁልፍ ያጠበቀው። ከሣጥኑ ጋር ያለውን ርቀት በሁለት ጣቱ ለካ። ከሁሉ በኋላ ንጹሕ ጨርቅ በአልኮል አርሶ ማርሚታዋን ከጫፍ እስከ ጫፍ ወለወላት።

«ይሄ ደግሞ ለምንድን ነው?» አለ ጉዞ።

«የጣትህ ቅባት አለባት። ቅባቱ እያለ ከጋለች አሻራህ ተጠብሶ ይቀራል። ከዚያ በኋላ አሲድም አያስለቅቀው።»

ሞተሩ ተነሳ። ሦስት ነጥብ በመገጣጠሚያው ዙሪያ እጁን አዟዟረ፤ የሚሾልክ ትኩስ ትንፋሽ የለም። ድምፁም እንደ ጠገበ ድመት ነበር። ደስ አለው፤ ሲቆይ ያፈረው በዚህችው ደስታ ነው። መዶሻውን አንስቶ ቸብ፣ ቸብ፣ ቸብ አደረገ።

እጁን ሊታጠብ ወደ ቤት ገባ። ጥላሸቱ በቀላሉ ስለማይለቅ ሩብ ሰዓት ያህል ቆየ። ሲመለስ ጉዞ ሞተሩን ሳያስነሳ እየገፋ ከግቢው ሲያወጣ አገኘው።

«ምነው፣ አታስነሳውም?»

«እትዬ ጋደም ብላለች፣ አልረብሻት ብዬ ነው።»

ሦስት ነጥብ ቆሞ አየው። ይሄ ልጅ ሰው ሆነ፣ ተመስገን፣ አለ በልቡ። ለሚስቱም ነገራት፤ ሁለቱም ደስ ብሏቸው ዋሉ።

የዚያን ዕለት ለእራት እንደተቀመጡ አንድ ሞተር በዋናው መንገድ አለፈ። ማለፉስ ባልከፋ፤ መሬት እየቀደደ፣ መስኮት እያርገፈገፈ፣ የሰፈሩን ውሻ ሁሉ እያስጮኸ ነው ያለፈው። ሦስት ነጥብ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«ሰው በተሰበሰበበት…» አለች ሚስቱ።

«ማን ይሆን ያሳደገው?» አለ እሱ፣ አፉን በመሐረብ እየጠረገ። «ይህን ዓይነቱን ማን አሳደገው ይባላል?»

በማግስቱ ጠዋት የቆሸሹ ጨርቆች የሚጥልበትን በርሜል ሊያራግፍ ዘቀዘቀው። ከጨርቆቹ መሐል አንድ ነገር ኳ ብሎ ወደቀ። ክንድ የሚያህል፣ እንደ ወንፊት የተበሳሳ ቱቦ ነው፤ የመስታወት ክሩ ግማሹ ተቦጭቆ ተንጠልጥሏል። አጠገቡ የራሱ የብሎን መፍቻ ወድቋል።

ብዙ አላሰበም፤ ማሰብም አላስፈለገውም። በገዛ ግቢው፣ በገዛ መፍቻው፣ እጁን ሲታጠብ በነበረበት ሩብ ሰዓት ውስጥ ነው። ያ መግፋት ለእህቱ እንቅልፍ ታስቦ አልነበረም። ትናንት ማታ ማንኪያውን ያስጣለው ሞተርም የራሱን ሦስት ነጥብ ይዞ ነው ያለፈው። ቱቦውን ሲያነሳው ክሩ ክንዱ ላይ ተጣበቀበት፤ እንደ ሳማ ያሳክካል። የተቃጠለ ዘይት ሽታው ወደ ጉሮሮው ወጣ። ግድግዳውን ተደግፎ ምራቁን ተፋ።

ስልኩ ጮኸ። ጉዞ ነው፣ እየሳቀ።

«ጋሼ! ጣቢያ ሄጄ ነበር! ሰውዬው በአውራ ጣቱ ዳበስ አድርጎ እለፍ አለኝ! ሞተሩን አስነሳ እንኳ አላለኝም! ሦስቷ ነጥብህ አስማት ናት!»

«ሆድ ዕቃውን አግኝቼዋለሁ» አለ ሦስት ነጥብ።

ሳቁ ተቋረጠ። «…ኧረ ጋሼ፣ ትንሽ ድምፅ ቢኖረው ምን አለበት? መንገደኛ ይሰማኛል፣ ለደኅንነትም እኮ ጥሩ ነው…»

ዘጋበት።

ለሚስቱ ሊነግራት ገብቶ አቃተው። ቱቦውን ብቻ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠላት። አየችው፣ ገባት፣ ግን እንደ እናት ነችና «ልጅነት ነው» አለች፤ ድምፅዋ ግን አልጠነከረም።

የባሰው ቅዳሜ መጣ። በሩን ገና ሲከፍት አራት ረጃጅም ሞተሮች ደጃፉ ላይ ተደርድረዋል። አራት ጎልማሶች፣ ብዙ ኪስ ያለው ጃኬት የለበሱ፣ በየሞተራቸው ላይ ሆድ ዕቃው የወጣ ማርሚታ ገጥመው የመጡ። ከመካከላቸው ወፍራሙ ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረገው።

«ጓደኛችን ነው የላከን። ብየዳ ምናምን አንፈልግም፤ ማርሚታውን ራሳችን ገጥመነዋል። ነጥቧን ብቻ።»

«ነጥቧን ብቻ?»

«አዎ፣ ሦስት ጊዜ ቸብ ነው እኮ፤ የደቂቃ ሥራ። እኛም ከሰልፉ እንገላገላለን።»

ሌላኛው ሳቀ። «መዶሻውን ካበደርከንማ እኛው እንመታዋለን፣ አንተ ለምን ትደክማለህ!»

ሦስት ነጥብ አራቱንም አንድ በአንድ አያቸው። ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ የታጠቡ፣ የተላጩ፣ ልጅ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ያንገፈገፈውም ይሄው ነው። ዓይናቸውን በጨው አጥበው የመጡ አልመሰላቸውም። የሚጠይቁት ትልቅ ነገር መሆኑን አንዳቸውም አላወቁም። የሽማግሌው መዶሻ በእነዚህ ሰዎች ዓይን የጽሕፈት ቤት ማኅተም ሆናለች፤ ያንን ያደረገው ደግሞ እሱ ራሱ ነው፣ በአንዲት እሺ።

«ሂዱልኝ» አለ።

«ምነው ወንድሜ፣ አስቀየምንህ እንዴ?»

«ሳልታመም በፊት ሂዱልኝ!»

እያጉረመረሙ ሄዱ። አራቱም ባንድነት ሲያጓሩ የሱቁ ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ። ሚስቱ በር ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ጆሮዋን ይዛ ነበር፤ እጇን ስታወርድ ፊቷ ተለውጧል።

«በእኔ ሞት አልነበር የማለው?» አለች ቀስ ብላ።

«በአንቺ ነው።»

«እኔ ስስቅ።»

«ስትስቂ።»

ወደ ስልኳ ሄደች። ወንድሟ ሲያነሳ ሰላምታም አልሰጠችውም። «እኔ ሞቻለሁ፤ ናና ቅበረኝ» አለችው። «ኧረ ምን ሆነሻል እትዬ?» ሲላት ድምፁ እስከ ውጭ ይሰማ ነበር። «በእኔ ምለህ ያፈረስክ ጊዜ ሞቻለሁ። ሰኞ ጠዋት ሞተርህን ይዘህ እዚህ ካልተገኘህ ሬሳዬንም አታይም።» ዘጋችና ጠረጴዛው ላይ ያለውን ቱቦ በጋዜጣ ጠቅልላ ለባሏ ሰጠችው። «የሚገባውን አድርግ» አለችው። «እኔን አትይ።»

ሰኞ ጉዞ ዓይኑ አብጦ፣ አንገቱን ደፍቶ መጣ። ሦስት ነጥብ ከፊት በእግሩ፣ ጉዞ ከኋላ ሞተሩን ሳያስነሳ እየገፋ፣ እስከ ምርመራ ጣቢያው ሄዱ። ያ ረጅም ሞተር ሲገፉት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ጉዞ ያን ዕለት አወቀ።

ሚዛን ሰልፉን እያስተናገደ ነበር። ሦስት ነጥብን ሲያይ ፊቱ በራ። «አንተ! ዛሬ ደግሞ በአካል መጣህ?»

«ይህን ሞተር አሳልፈኸዋል?»

ሚዛን ጎንበስ ብሎ በአውራ ጣቱ ዳበሰ። «ነጥብህ አለ። አዎ፣ ዓርብ ዕለት።»

«ለካው።»

«ምን አስለካኝ?»

«ለካው ስልህ።»

ጉዞ ሞተሩን አስነሳ። ሰልፈኛው ሁሉ ዞረ፤ አንዲት ሴት የልጇን ጆሮ ያዘች። ሚዛን መለኪያውን አየ፣ እንደገና አየ፣ ቁጥሩን ሳይናገር አጠፋው። ከዚያ ወደ ማርሚታዋ ጫፍ ጎንበስ አለ። በብሎኗ ዙሪያ፣ ግለቱ ሰማያዊ ባደረገው ብረት ላይ፣ አራት የጣት አሻራዎችና አንድ አውራ ጣት ተጠብሰው ቡናማ ሆነው ቀርተዋል፤ ማንም ሊያስለቅቃቸው በማይችል ሁኔታ። ሚዛን አሻራውን አየ፤ ጉዞን አየ፤ ጉዞ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

ሦስት ነጥብ ጋዜጣውን ገለጠና ሆድ ዕቃውን አሳየው። የሆነውን ሁሉ ሳያሳጥር ነገረው፤ ብየዳውን መተዉን፣ እሺ ማለቱን፣ ቅዳሜ የመጡትን አራቱን።

ሚዛን የራሱን አውራ ጣት አየ። «እኔስ?» አለ። «ደመወዝ የሚከፈለኝ እንድለካ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ በዚች ጣት ሳሳልፍ ኖርኩ። አፈርኩ።»

«ከዛሬ ጀምሮ የእኔን ሁሉ ለካ» አለው ሦስት ነጥብ። «አሮጌውንም አዲሱንም።»

«ደንበኞችህ የሚመጡት እኮ ከዚህ ሰልፍ ለማምለጥ ብለው ነው። ይሸሹሃል።»

«ለዚያ ብሎ የመጣ ይሽሽ።»

ከኪሱ ሞረድ አወጣ። እዚያው ሰልፈኛው እያየ፣ ማርሚታው በታሰረበት ብረት ላይ ያሉትን ሦስቱን ነጥቦች እየሞረደ አጠፋቸው። ረጅም ጊዜ ፈጀ፤ በደንብ መትቷቸው ስለነበር። የብረት ብናኙ ጫማው ላይ ወደቀ። ከዚያ ሆድ ዕቃውን ለጉዞ ሰጠው። «መልሰህ ክተተው» አለ። የተቦጨቀውን ክር በእጁ ሰብስቦ መልሶ የጠቀለለው ጉዞ ነው፤ ለሳምንት ያህል ክንዱን ሲያክ ከረመ። የጣቢያውን የመኪና መግቢያ በር ይጠግን የነበረ ብየዳ ሠራተኛ አንዲት ጠብታ ጣል አደረገላቸው። የቲታኒየሟ ፊት ላይ ጠቃጠቆ ያለ ጥቁር ጠባሳ ወጣ።

«አሁን ወደ ሰልፉ መጨረሻ» አለ ሚዛን።

ሁለቱ ከሠላሳ ሰው ኋላ ቆሙ። ፀሐዩ ከረር አለ። ጉዞ ሞተሩን አንድ እርምጃ ወደ ፊት ገፋ። «ጋሼ፣ እትዬ ይቅር ትለኛለች?» አለ።

«እሷን ጠይቃት። እኔን ግን ገና እንዳቅለሸለሸኝ ነው።»

ተራቸው ሲደርስ ሦስት ነጥብ ልቡ ደነገጠ። ሥራው በመሣሪያ ሲለካ ቆሞ ካየ ስንት ዓመቱ! ያ ሁሉ ምስጋናው፣ ያ ሁሉ ነጥብ፣ ምናልባት ባዶ ሆኖ ቢገኝስ? ሞተሩ ተነሳ። ሚዛን መለኪያውን ዘረጋ፣ ጠበቀ፣ ለሁሉም እንዲታይ ወደ ሦስት ነጥብ አዞረው። ከተፈቀደው በስድስት ዴሲቤል ያነሰ ነበር።

ሦስት ነጥብ ከንፈሩን ብቻ አንቀሳቀሰ፤ ምን እንዳለ የሰማው የለም፤ ምስጋና ነበር።

«እንግዲህ አልፏል» አለ ሚዛን። «ነጥቧን መልሰህ ምታለት እንጂ።»

ጉዞ ቀና ብሎ ሦስት ነጥብን አየ። ሦስት ነጥብ የተሞረደውን ብረት በጣቱ ዳበሰው፤ ልሙጥ ሆኗል።

«በሚቀጥለው ዓመት» አለ። «ብየዳው እንዳለ ይዞልኝ ከመጣ፣ አንተም ለክተኸው ካለፈ፣ ያኔ እመታለታለሁ።»

ወደ ቤት ሲመለስ ሚስቱ ሳሙናና ሞቅ ያለ ውሃ አቅርባ ጠበቀችው። ሦስት ጊዜ ታጠበ፤ የዚያ ክር ሽታ ግን እስከ ረቡዕ ከእጁ አልወጣም። ረቡዕ ለእራት ሲቀመጡ አንድ ረጅም ሞተር በመንገዱ አለፈ። ሞተሩ እንደ ጠገበ ድመት እያንኮራፋ ራቀ፤ ማንኪያው ከእጁ አልወረደም።